ስለ እንጦጦ ተራራ የጥንት ቅጥርና ስለ በረራ ከተማ

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ ለሚያስተምሩ መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰናዳ ትምህርት

ይህ ትምህርት ዕለት ዕለት በዓይናችሁ ስለምታዩት ተራራ የተጻፈ ነው። ከሱሉልታ ሜዳ ሆኖ ወደ ደቡብ፥ ከቡራዩ ሆኖ ወደ ምሥራቅ፥ ከሰበታ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ እንደ ረዥም አጥር ተዘርግቶ ይታየዋል። ልጆቻችን ስለ ጎንደር ግንብና ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከመጽሐፍ ያነባሉ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ በጎረቤታቸው ተራራ ራስ ላይ ሊቃውንት ከጎንደር ዘመን በፊት የተሠራ ነው የሚሉት ታላቅ የድንጋይ ቅጥር መኖሩን የሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። የሩቁን አውቆ የደጁን አለማወቅ ትምህርትን ጎዶሎ ያደርገዋልና፥ ስለዚህ ቅጥር የታወቀውን በየተራው እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ቍጥር በሆነ ጊዜ ለይተን እናመለክታለን።

አንደኛ፥ ስለ ስፍራው

ምሽግን የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ስፍራ ይመርጣል። ስለዚህ የቅጥሩን ነገር ለማስተዋል የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምድሩን ይመልከት። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። በተራራው ሰሜን የሚወርደው ዝናም በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፥ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል። በደቡብ የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንግዲህ ተራራው ሁለቱን ታላላቅ ወንዞች የሚለይ ድንበር ነው። በዚያ የቆመ ሰው በስተ ሰሜን ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ፥ በስተ ደቡብ የአዋሽን ሜዳ፥ በስተ ምዕራብ ወጨጫን፥ በስተ ምሥራቅ የረርን፥ ሰማዩ ጥሩ በሆነ ቀን ደግሞ ዝቋላን ያያል። ጠላት ከወዴት እንዲመጣ አስቀድሞ ለማወቅ ለሚፈልግ ንጉሥ ከዚህ የተሻለ ማማ በአገሩ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

በዙሪያውም የጥንት ሰዎች የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወደ ደቡብ በአዋሽ ማዶ አዳዲ ማርያም የምትባል ሌላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የሠሯት ቅዱስ ላሊበላ ናቸው ተብሎ ይነገራል። ከዚያም አልፎ በጢያ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመው ይታያሉ። በሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውንም የመናገሻ ሱባ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚል ትውፊት አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ አገሩ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት ምድር እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፥ ስለ ቅጥሩ

ፍርስራሹ የሚገኘው በዋሻ ሚካኤልና በእንጦጦ ማርያም መካከል ነው። አምስት ማዕዘን ያለው ስለ ሆነ ተመራማሪዎች በግሪክ ቃል ፔንታጎን ብለው ሰይመውታል፤ ትርጓሜውም ባለ አምስት ማዕዘን ማለት ነው። እነርሱ እንደ ጻፉት ስፍራው በጠቅላላው 30 ሄክታር ያህል ነው፤ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነውና የጋሻው ከአራት እጅ ሦስት እጁ ማለት ነው። የድንጋዩ ቅጥር ርዝመት 520 ሜትር፥ በክንድ ቢለካ ከ1000 ክንድ የሚበልጥ ነው። ቁመቱ ከፍ ባለበት ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። 12 የዘብ ማማዎችም አሉት።

ማማዎቹ ለምን አስፈለጉ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አስተዋይ ነው። በቅጥር ላይ የቆመ ዘብ ከቅጥሩ ግርጌ የተጠጋውን ጠላት ጐንበስ ብሎ ካላየ በቀር አያየውም፤ ጐንበስ ቢል ደግሞ ለፍላጻ ይጋለጣል። ማማ ከቅጥሩ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ዘቡ በጐን ሆኖ ግርጌውን ያያል፤ አንዱም ማማ ሁለተኛውን ይጠብቃል። 520 ሜትር ለ12 ቢካፈል በየመካከላቸው 43 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህም ከአንዱ ማማ የተወረወረ ድንጋይ ወይም ፍላጻ ወደ ሁለተኛው የሚደርስበት ርቀት ነው።

መምህሩ ይህን በሒሳብ ትምህርት ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል። ቅጥሩ ሁሉ 5 ሜትር ቁመትና 1 ሜትር ውፍረት ነበረው ብለን ለመለማመጃ ያህል እናስብ። 520 በ5 ቢባዛ 2600 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ ካብ 2000 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 5 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ኪሎ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ቢሸከም 104 ሺህ ሸክም ይሆናል። 1000 ሰዎች በቀን አራት አራት ጊዜ ቢመላለሱ ለመሸከም ብቻ 26 ቀን ይፈጅባቸዋል፤ መፍለጡ፥ መጥረቡና መካቡ ገና አልተቈጠረም። ተማሪው ይህን ካሰላ በኋላ መምህሩ እንዲህ ብሎ ይጠይቀው፦ የነገሥታቱ ስም በታሪክ ተጽፏል፤ ድንጋዩን የተሸከሙት ሰዎች ስም ወዴት አለ? የእነርሱ መጽሐፍ ያ ካብ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፥ በረራ ስለምትባለው ከተማ

በዛሬ አማርኛ ከተማ ስንል ቤት የበዛበትን አገር እናስባለን። በጥንት መጻሕፍት ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋራ የሰፈረበት ስፍራ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ብዙ ሺህ ድንኳኖች በሥርዐት ተተክለው፥ ንጉሡ በተነሡ ጊዜም ሁሉም ተነቅለው እንደሚሄዱ ጽፏል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰዎች በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ከድንኳን በቀር መኖሪያ አልነበራቸውም ብለው ያስቡ ነበር።

ነገር ግን በረራ የምትባል የንጉሥ ከተማ እንደ ነበረች የሚያስረዱ ጽሑፎች አሉ። በፈረንጅ ቍጥር በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኵሴ የዓለምን ካርታ ሣለ። ይህ ካርታ እስከ ዛሬ በቬኒስ ተጠብቆ ይገኛል። በእርሱም ላይ ዓባይና አዋሽ ተሥለዋል፤ በረራም የንጉሡ ዋና መቀመጫ ተብላ ተጽፋለች። መነኵሴው ከገዳሙ ሳይወጣ ይህን ያወቀው ከአገራችን መነኰሳት ነው፤ እነርሱ አገሩን፥ ከተማውንና ወንዙን በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ በካርታው ላይ ጽፏል። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ መነኰሳት በኢየሩሳሌም ይኖሩ ነበር፤ በፈረንጅ ቍጥር በ1441 ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ የሄዱም ነበሩ። እንግዲህ አገራችንን ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል የራሳችን የቤተ ክህነት ተማሪዎች ናቸው ማለት ነው። መምህሩ ካርታውን ያሳየ እንደ ሆነ አንድ ነገር ያስጠንቅቅ፤ ፍራ ማውሮ ደቡብን ወደ ላይ፥ ሰሜንን ወደ ታች አድርጎ ሥሏልና ተማሪው እንዳይሳሳት ካርታውን ገልብጦ ይመልከት።

ደግሞ ፍራንሲስኮ ሱሪያኖ የሚባል የኢጣልያ መነኵሴ ወደ ኢትዮጵያ የሄዱ ወንድሞቹን ነገር ሲጽፍ በረራን ይጠራል፤ በንጉሡም ዘንድ ኢጣልያውያን እንደ ነበሩ ይናገራል። አሌሳንድሮ ዞርዚም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከኢትዮጵያ መነኰሳት ጠይቆ የጻፈው የመንገድ ዝርዝር በረራን ያነሣል። እነዚህ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ አንዱን ስም መጥራታቸው ከተማይቱ በእርግጥ እንደ ነበረች ያስረዳል።

አራተኛ፥ ስለ ጥፋቱ

በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም. በሽምብራ ቁሬ ጦርነት ሆነ፤ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረጉ። ዐረብ ፈቂህ የተባለው የየመን ጸሐፊ የኢማሙን ዘመቻ በዐረብኛ ጽፏል። በዚያም ዘመቻ ንጉሡ ይቀመጡባቸው የነበሩ ስፍራዎች እንደ ተበዘበዙና እንደ ተቃጠሉ ይተርካል። በ1523 ዓ.ም. ደግሞ ከሱሉልታ በስተ ሰሜን ባለው መንገድ የሚገኘው ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ዐፄ ልብነ ድንግልም ከአገር ወደ አገር ሲሰደዱ ቆይተው በ1533 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ መቀመጫቸውን ወደ ሰሜን ወደ ጣና አካባቢ አዛወሩ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራንዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ ሠሩ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ጎንደርን ከተማ አደረጉ። በዚህ በሸዋ ምድር ግን የቱለማ ኦሮሞ ሰፍሮ ምድሩን አረሰ፥ ከብቱን አረባ፥ ለተራራውና ለወንዙ ስም አወጣ። ካቡን ሣር ለበሰው፤ የበረራም ስም ከሰው አፍ ጠፋ።

እዚህ ላይ መምህሩ ተጠንቅቆ ይናገር። ይህን ታሪክ የምንማረው የሞቱትን ለመክሰስ፥ ልጆችንም የአባቶቻቸውን ጠብ ለማውረስ አይደለም። ድንጋዩ የክርስቲያኑ ነው፥ የእስላሙ ነው፥ የአማራው ነው፥ የኦሮሞው ነው ብሎ ከመከራከር በፊት የካቡት ሰዎችም የጠበቁት ሰዎችም የዚህች ምድር ልጆች እንደ ነበሩ ማስተዋል ይገባል።

አምስተኛ፥ ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ስለ መውጣታቸው

በ1870ዎቹ ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ከሰሜን ሸዋ ወደዚህ አገር መጥተው በወጨጫና በእንጦጦ ሰፈሩ። በእንጦጦ ላይ የጥንት ፍርስራሽ ተገኘ፤ ስፍራውም ከግራኝ ዘመን በፊት የነበሩ የቀድሞ ነገሥታት ከተማ ነው ተባለ። ምኒልክም የአባቶቻቸውን ከተማ ማቅናት ወደዱ። በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ተራራው ብርዳምና ነፋሻ ነው፤ ለብዙ ሰውም የሚበቃ ማገዶ አልነበረውም። ስለዚህ ሰው ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ይወርድ ጀመር፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቈረቈረች። አንዱ ተራራ ለምሽግ የሚመች፥ ለከተማ ግን የማይመች መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስድስተኛ፥ ሊቃውንት ስለሚለያዩበት ነገር

በረራ የት ነበረች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሊቃውንት አንድ መልስ አልሰጡም። ከእነርሱ እኵሌቶቹ የእንጦጦውን ባለ አምስት ማዕዘን ቅጥር አይተው በረራ ይህች ናት አሉ። ሃርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክኸርስት ግን በፈረንጅ ቍጥር በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከወጨጫ ጀምሮ እስከ የረር ድረስ ያለውን አገር በሙሉ መርምረው በልዩ ልዩ ኮረብታ ላይ ያሉትን የጥንት ሰፈሮች ጻፉ። እንግዲህ ነገሩ የእንጦጦ ብቻ አይደለም። ከሰበታ በላይ ያለው ጋራም፥ በየረር በኩል ያለው ኮረብታም በምርመራው ውስጥ ገብቷል።

መምህሩ ይህን ለተማሪው ሲያስረዳ ትውፊትንና ምስክርን ይለይ። ካርታው በረራ እንደ ነበረች ይመሰክራል፤ ቅጥሩም በእንጦጦ ላይ ምሽግ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን ሦስተኛ ነገር ነው፤ እርሱም የራሱን ምስክር ይሻል። ዳኛ በሁለት ምስክሮች ቃል መካከል ያለውን ጎዶሎ በራሱ ግምት አይሞላም፤ ታሪክ የሚማር ሰውም እንዲሁ ነው።

ሰባተኛ፥ ድንጋይና ገል እንዴት እንደሚመሰክሩ

የጎደለውን ምስክር የሚሰጠው ከመሬት በታች ያለው ነው። ሰው በኖረበት ስፍራ አመድ፥ አጥንት፥ ከሰልና ገል ይከማቻል። የቆየው ከታች፥ አዲሱ ከላይ ይሆናል። ምርመራ የሚያደርጉ ሊቃውንት አፈሩን በየንብርብሩ እየገፈፉ እያንዳንዱ ነገር ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ይጽፋሉ። ከሰሉ ደግሞ ዕድሜውን ይናገራል። በሕይወት ያለ ዛፍ ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ነገር በውስጡ አለ፤ ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ ይህ ነገር ቀስ በቀስ ይጐድላል፥ በ5730 ዓመትም ግማሹ ብቻ ይቀራል። ከ570 ዓመት በፊት፥ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ገደማ፥ የተቈረጠ እንጨት ከሰል ቢገኝ ከመቶው 93 እጅ ያህል ቀርቶበት ይገኛል። በዚህ ልክ ዘመኑ ይታወቃል።

ነገር ግን ይህ ምስክርነት የሚጸናው ነገሩ ከስፍራው ሳይናወጥ ሲገኝ ነው። አንድ ገል ከንብርብሩ ወጥቶ በእጅ ቢመጣ መልከ መልካም ቢሆንም ዲዳ ነው፤ ከየትኛው ዘመን እንደ ሆነ የሚነግረን ጎረቤቱ አፈር ነበርና። ካብም ሲፈርስ እንዲሁ ነው። ድንጋዩ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቃሉ ነው።

የሽማግሌዎችም ቃል ምስክር ነው። በቱለማ ኦሮሞ ዘንድ ዘመን በገዳ ይቈጠራል፤ አንዱ ገዳ 8 ዓመት ነው፥ አምስቱ ገዳዎች ዙረው ሲመለሱ 40 ዓመት ይሞላል። አንድ ሽማግሌ ይህ ነገር የሆነው ከዛሬው በፊት ገዳው ሁለት ጊዜ ሲዞር ነው ቢሉ 80 ዓመት ማለታቸው ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር የሽማግሌውን ቃል ከመጽሐፍ ዘመን ጋራ ማስተካከል ይችላል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንዲሉ፥ ተማሪው የኮረብታውንና የወንዙን ስም፥ የስሙንም ምክንያት ከሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ።

ስምንተኛ፥ ስለ አደራው

እኔ ይህን የምጽፈው ሰው በቆሎ ተማሪነቴ ጊዜ ያደረግሁትን እናገራለሁ። ከጓደኞቼ ጋራ ጎጆ ስንቀልስ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ አጣን። በአጠገባችን ካለው ኮረብታ ላይ ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ የጥንት ካብ ነበረና ከእርሱ እያፈረስን ተሸከምን። አንድ አረጋዊ ከብት ሲጠብቁ አይተውን፥ «ልጆቼ፥ ይህ ካብ ማን እንደ ካበው ሊነግራችሁ ሲጠብቅ ነበር፤ እናንተ ግን ሳትጠይቁት አፈረሳችሁት» አሉን። እኛም ሽማግሌው ይቀልዳሉ ብለን ሥቀን አለፍን። ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያ ሳልፍ የካቡ ስፍራ እርሻ ሆኗል፤ ጎጆአችንም ፈርሷል፤ ሽማግሌውም ዐርፈዋል። ዛሬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። ይህን የምናገረው ሌላው ከእኔ እንዲማር ነው።

ዛሬ ነገሩ ከዚያ ጊዜ ይልቅ ያስፈራል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ቤትና መንገድ በየቀኑ ይሠራል፤ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይም በብዙ ይፈለጋል። እኛ በወንድ ጫንቃ አንድ ሳምንት የፈጀብንን ማፍረስ መኪና በአንድ ሰዓት ይፈጽመዋል። የባሕር ዛፍ ሥርም በካብ መካከል ገብቶ ድንጋዩን ይለያየዋል። ቤት መሥራት አስፈላጊ ነው፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ሌላ ድንጋይ ከሌላ ስፍራ ይገኛል፤ ይህ ካብ ግን ሁለተኛ የለውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል። በኮረብታ ላይ የጥንት ካብ፥ መቃብር ወይም የገል ክምር ያየ ሰው አያንሣው፥ አይቈፍረውም። ስፍራውን፥ ቀኑንና ያየውን ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ በገመድ ወይም በርምጃ ለክቶ ይሣል። ከዚያም ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ያስታውቅ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛልና። ወርቅ አለበት ብሎ ለሚቈፍር ሰውም ሽማግሌዎች ይንገሩት፤ የሚያገኘው ገልና አመድ ነው፥ እርሱንም በማናወጡ ያጠፋዋል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የእንጦጦ ተራራ የትኞቹን ሁለት ወንዞች ይለያል? ይህስ ለምሽግ ምን ይጠቅማል?
2. ቅጥሩን በክንድ ለክተህ ንገር። ማማው ወደ ውጭ ወጥቶ የሚሠራው ስለ ምንድን ነው?
3. ፍራ ማውሮ ከገዳሙ ሳይወጣ አገራችንን እንዴት አወቀ?
4. በረራ እንደ ነበረች የሚመሰክረው ምንድን ነው? በእንጦጦ ላይ ነበረች ለማለትስ ምን ይጐድላል?
5. በመንደርህ አጠገብ ያለውን ኮረብታ ስምና የስሙን ምክንያት ከአንድ ሽማግሌ ጠይቀህ ጽፈህ አምጣ።

መምህር ሆይ፥ አምስተኛውን ጥያቄ ከሁሉ አስበልጠህ ያዘው። የቀሩት አራቱ መልስ በዚህ ጽሑፍ አለ፤ የአምስተኛው መልስ ግን በሽማግሌዎች ልብ ብቻ ነው ያለው፥ እነርሱም ዘወትር ከእኛ ጋራ አይኖሩም።